ከሯጭነት ወደ ሰዓት ያዥነት፦ ከቂሊንጦ መንገድ የታየ የመምህራን ታሪክ



ለዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔት ጽሑፍ ስጠየቅ አዘጋጆቹ የጠበቁት ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኮንክሪት እንድጽፍ ነበር። ሲቪል ምህንድስና ተምሬ ስለ ሩጫ መጻፌ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ግን በ2005 ዓ.ም. ቂሊንጦ ከገባሁ ጀምሮ ካልኩሌተር ከያዝኩበት ጊዜ ይልቅ የሩጫ ሰዓት የያዝኩበት ሳይበልጥ አይቀርም። አሁን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ልጆች አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በተማሪነታቸው ሮጠው ወይም ተጫውተው፣ ኋላ አስተማሪና አሰልጣኝ ስለሆኑ ሰዎች ነው። የራሴንም ጉዳይ በመሀል አስገባለሁ፤ ታገሡኝ።

በእኛ ጊዜ ቂሊንጦ ምን ይመስል እንደነበር ለአዲሶቹ መምህራን ልንገራቸው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ዙሪያው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው፤ በአንድ በኩል ደግሞ በመሠራት ላይ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል። የአፈር ምህንድስና መምህራችን ስለሚያብጥ ሸክላ አፈር ሲያስተምሩን ናሙና ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ሁላችንም ጫማችን ላይ ይዘነው ነበር ክፍል የምንገባው።

በዚያ ጭቃ መሮጥ አይቻልም። የምንሮጥ ስድስት ሰባት ልጆች ነበርን፤ ሊነጋጋ ሲል ከግቢ ወጥተን በቱሉ ዲምቱ አድርገን ወደ አቃቂ አስፋልት እንወርዳለን። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሁሉ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ነው የሚያልፈው። አንድ ጆሯችንን ለመኪና፣ አንዱን ለጓደኛ ትንፋሽ ሰጥተን እንሮጣለን። አሰልጣኝ አልነበረንም። ማለቴ፣ በደብዳቤ የተመደበ አሰልጣኝ አልነበረንም። የነበረን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጋሼ እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው አቃቂ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ የስፖርት ቡድን ሮጠዋል። የሌሊት ተራቸውን ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው በመሄድ ፈንታ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይቆሙልናል።

"እዚህ እኮ እነ ደራርቱ ሮጠዋል" ይሉን ነበር፤ "ዶክተሩ ከመኪና ወርደው እዚህ ጋ ቆመው፣ ሰዓት እያዩ።"

መጀመሪያ የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አቃቂ የብሔራዊ ቡድኑ የልምምድ ቦታ ሆኖ የኖረ አካባቢ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ለእኛ ለመሐንዲሶች ቀላል ነው። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ እንኳ አይሞላም። አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ግፊቱ ወደ 78 በመቶ ይጠጋል። ከላይ ያለው ቀጭን አየር ሳንባንና ደምን ያጠነክራል፤ እግር ግን እዚያ የውድድር ፍጥነት ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ ለጽናት ወደ ላይ ይወጣል፣ ለፍጥነት ወደ ታች ይወረዳል። ታችኛው እኛ ሰፈር ነው። ቂሊንጦ በከተማው ካርታ ላይ ዳር ናት፤ በሩጫ ካርታ ላይ ግን እንደዚያ አይደለችም።

"ዶክተሩ" የተባሉት ወልደመስቀል ኮስትሬ ናቸው። ስለ እሳቸው ከመጻፌ በፊት ግን ከእሳቸው ቀድመው ያለፉትን ጥቂት ልበል፤ እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ ከመሬት አይበቅልም።

በእኛ አገር ከትምህርት ቤት ሜዳ ተነሥቶ አሰልጣኝ እስከ መሆን ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወተ፣ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኙ እሱ ነበር። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ ሕልፈቱ ቆየ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ መሀል ላይ ያለው ዘመን ነው፤ ተጫዋቹ ጫማውን ሰቅሎ ለሌላው ሲያሳይ የነበረበት።

በአትሌቲክሱ በኩል አስተማሪው ከውጭ ነው የመጣው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ገብቶ የሰውነት ማጎልመሻ ሲያስተምር የቆየ ሰው ነው፤ አበበ ቢቂላን ለሮምና ለቶኪዮ ያዘጋጀው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ ንጉሤ ሮባ መጡ። ራሳቸው የአጭር ርቀት ሯጭ ነበሩ፣ በኦሊምፒክ ሮጠዋል። ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ቡድኑን የያዙት እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ዱላው ከስዊድናዊው ወደ ኢትዮጵያዊው የተላለፈው በአንድ የአጭር ርቀት ሯጭ እጅ ነው። ረጅም ርቀትን ለዓለም ያስተማረች አገር በአጭር ርቀት ሯጭ መሠልጠኗን ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።

ወልደመስቀል ኮስትሬ የንጉሤ ሮባ ረዳት ሆነው ነው የጀመሩት። ከዚያ በፊት ግን የወጣትነት ታሪክ አላቸው። ከሞቱ በኋላ የወጡት የሕይወት ታሪኮች እንደሚተርኩት፣ በተማሪነታቸው የ800 እና የ1,500 ሜትር ጎበዝ ሯጭ ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. መባቻ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ታጭተው ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሃንጋሪ ሄደው እንዲማሩ ዕድል መጣላቸው። ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ናቸው። አንድ በኩል ቶኪዮ፣ አንድ በኩል ዩኒቨርሲቲ። ትምህርቱን መረጡ።

እስኪ አስቡት። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሲወጣ፣ ያ ልጅ በቡድኑ ውስጥ የለም። የማያውቀውን የሃንጋሪ ቋንቋ ሊለማመድ ሄዷል። እኔ ብሆን ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም።

ሃንጋሪ ግን ለሩጫ ተማሪ ባዶ አገር አልነበረችም። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ ኢሃሮሽ፣ ታቦሪና ሮዛቮልጊ የተባሉ ሦስት ሃንጋሪያውያን በአሰልጣኝ ሚሃይ ኢግሎይ እጅ በመካከለኛ ርቀት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰባብረዋል። የኢግሎይ መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ዝም ብሎ ረጅም ከመሮጥ ይልቅ ሩጫን ቆራርጦ፣ እያሳረፉ፣ በሰዓት እየለኩ መደጋገም። ኢግሎይ ራሱ ከ1956ቱ አመፅ በኋላ አገሩን ትቶ ወጥቷል፤ ሩጫን እንደ ሳይንስ መቁጠሩ ግን እዚያው ቀርቷል። ወልደመስቀል ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱት ከዚህ ዓይነት አገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በፍጥነት ልለፈው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አትላንታ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፋጡማ ሮባ። ሲድኒ ላይ አራት ወርቅ። አቴንስ ላይ ቀነኒሳ በቀለና መሠረት ደፋር። ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለት ሁለት። ከባርሴሎና እስከ ቤጂንግ በአምስት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ 28 ሜዳሊያ አገኘች፤ 13ቱ ወርቅ ናቸው። በነዚህ ዓመታት ሜዳ ዳር ቆመው ሰዓት ሲይዙ የምናያቸው እሳቸው ነበሩ።

ሲድኒን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 እና ከ18.29። ለተማሪዎቼ የፍጥነትን ትምህርት የምጀምረው በዚህ ነው። "በመጨረሻው ዙር ፍጥነታቸው በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነበር፤ በ0.09 አባዙት" እላቸዋለሁ። ስልሳ ምናምን ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ አንድ ክንድ ተስንዝር መሆኑ ነው። ከ10,000 ሜትር ውስጥ አንድ ክንድ ተስንዝር! ከዚያ ክፍሉ ዝም ይላል። ያቺ ክንድ ከየት መጣች? ከእንጦጦ ትምጣ ከአቃቂ አላውቅም፤ ግን የሆነ ማለዳ፣ የሆነ መንገድ ላይ፣ የሆነ ሰው ሰዓት ይዞ "አንድ ጊዜ ድገመው" ብሎታል።

ዶክተር ወልደመስቀል ያረፉት ግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው። አራተኛ ዓመት ነበርኩ። በማግሥቱ ማለዳ እንደ ልማዳችን ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሰዓቱ እጃቸው ላይ የለም።

"ዛሬ አልይዝም" አሉን። "ዝም ብላችሁ ሩጡ።"

ሮጥን። ስንመለስ ሄደዋል። ምን ያህል እንደፈጀን ያን ቀን ማንም አላወቀም።

አሁን ስለ ሌላው ዓይነት ሰው ልናገር፤ ዶክትሬት ስለሌለው፣ ሃንጋሪ ስላልሄደው። አርሲ በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የበቆጂ ሯጮች ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ያሳየው እሱን ነው። ከዚያች ብርዳም የገበሬ ከተማ የወጡት ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ብቻ በድምሩ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አላቸው። ስንታየሁ ሥራው የጀመረው በትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆች ተሰልፈው ሲሮጡ ማን ከማን እንደሚለይ አይቶ። ዶክተሩ የተቀበሉት የመምህሩን ልጆች ነው። ይህንን ሰንሰለት ካላያችሁ የኢትዮጵያን አትሌቲክስ አላያችሁትም ባይ ነኝ፤ አናቱ ላይ ያለው ፕሮፌሰር የሚሠራው ታች ያለው የስፖርት መምህር ፊሽካ ከነፋ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ይሄ ነገር መልክ ይዟል። በኮሌጅ ቤዝቦል ሲጫወት የቆየ ልጅ ወደ ዋናው ሊግ ካልገባ፣ ብዙዎቹም አይገቡም፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይቀጠርና ጠዋት ታሪክ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ቤዝቦል ያሠለጥናል። ተማሪዎቹ "ኮች" ብለው ነው የሚጠሩት፤ "መምህር" ከማለት አይተናነስም። ቤዝቦል እኛ ጋ ሥር አልሰደደም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ይጫወቱት ነበር፤ ሲሄዱ ዱላውንም ጓንቱንም ይዘው ሄዱ። የሁለት ሥራ ሰው የመሆን ልማዱን ቢተዉልን ግን ጥሩ ነበር። እኛ ዘንድ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ማለት ሒሳብ መምህሩ ሲቸኩል የሚወስዳት ሰዓት ናት። እኔ ራሴ ፊዚክስ ሳላዳርስ ስቀር ስንት ጊዜ ወስጃታለሁ፤ ውሸት አልጽፍም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይት ላይ ሠራሁ። ስሙን አልጠራም፤ ደመወዝ በሦስት ወር አንዴ የሚከፍል ተቋራጭ ነበር። እሱን ትቼ ማስተማር ስጀምር ቤተሰብ አዘነ፤ "ኢንጂነር" ተብሎ የተመረቀ ልጅ ጠመኔ ያዘ ተባለ። ክለብ ላቋቁም ብዬ አይደለም ማሠልጠን የጀመርኩት። ልጆች ግቢ ውስጥ እርስ በርስ ሲሯሯጡ አየሁና በልማድ ሰዓት ያዝኩ፤ በቃ፣ እንዲሁ ቀረሁ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ጎበዝ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አንድ ክለብ ፈለገው። ደስ አለኝ፤ "ሂድ" አልኩት። ትምህርቱን አቋረጠ። በዓመቱ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተጎዳ፤ ክለቡ አሰናበተው። ተመልሶ ዘጠነኛ ክፍል ልግባ ሲል ጓደኞቹ አሥራ አንደኛ ደርሰው ነበር፤ አፈረና ቀረ። አሁን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ጭነት ያወርዳል። ሳገኘው "መምህር" ብሎ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዚህ ነው የወልደመስቀል የ1957 ዓ.ም. ምርጫ የማይለቀኝ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ አለችኝ፤ 1,500 ሜትር ነው የምትሮጠው። እግሯ ገና ነው፣ ጭንቅላቷ ግን ሩጫ ያውቃል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሌሎቹ ሲደናገጡ እሷ ትቆጥራለች። ከከተማ ውጭ ያለ ክለብ ቀለብና ወርሃዊ ክፍያ እሰጣለሁ ብሏል፤ አሁኑኑ ትምጣ ብሏል። ፈተናውስ ስል "ሌላ ጊዜ ትፈተናለች" አሉኝ። ሌላ ጊዜ የሚባለውን እኔ አውቀዋለሁ።

እናቷ ትምህርት ቤት መጡ። ጉሊት ነው የሚሠሩት፤ የሽንኩርቱ ሽታ ከነጠላቸው አልለቀቀም ነበር። እኔ ደግሞ ዝግጅት ይዤ ነው የጠበቅኳቸው። የዶክተር ወልደመስቀልን ታሪክ ከነሃንጋሪው፣ ከነ28 ሜዳሊያው ነገርኳቸው። "እትዬ፣ እሳቸው ኦሊምፒክን ያህል ነገር ትተው ትምህርት መርጠው፣ በኋላ ኦሊምፒክ ራሱ ወደ እሳቸው መጣ" አልኳቸው።

በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣

"መምህር፣ እሳቸውስ ደግ አደረጉ" አሉኝ። "እሳቸውን ግን መንግሥት አብልቶ አጠጥቶ ሃንጋሪ አስተማራቸው። የኔን ልጅ ማን ያበላታል? እርስዎስ ቢሆኑ ኢንጂነር ነዎት ሲሉኝ ነበር። ተምረው ይኸው ከኔ ልጅ ጋር ፀሐይ ላይ ይውላሉ።"

መልስ አልነበረኝም። ታሪክ ሳስተምር አንድ ነገር ዘልዬ ነበርና። ያ ልጅ በ1957 ዓ.ም. የመረጠው በሁለት ክፍት በሮች መሀል ነው፤ የትኛውንም ቢመርጥ እንጀራ ነበረው። እኚህ እናት ፊት ያለው አንዱ በር ብቻ ነው ክፍያ የተጻፈበት። ልጅቷን "ትምህርት ምረጪ" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ የተስማማነው በትንሽ ነገር ነው። ፈተናው እስኪያልፍ ልጅቷ የትም አትሄድም። ልምምዱ ከንጋት ወደ ከሰዓት በኋላ ዞረ፤ በጨለማ መውጣቷ ለእናቷ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበርና፤ ይህን እስካሁን ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም። እኔ ደግሞ ለክለቡ ሰው ደወልኩ። እስከ ሐምሌ ይጠብቃል፤ ከሐምሌ በኋላ "ሌላ ልጅ አለን" ብሏል። በሥልጠናው ከተማ የማታ ትምህርት መኖር አለመኖሩን እንዲያጣራልኝም ጠይቄዋለሁ፤ ገና አልመለሰልኝም።

ጋሼን ባለፈው ጥር ፈልጌ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ አቃቂ በሰቃ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ለአራት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሲቆሙልን አንድ ቀን እንኳ ሻይ ልጋብዝዎ እንዳላልኳቸው ትዝ ብሎኝ አፍሬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን የጠየቁኝ የያኔዎቹን ልጆች በየስማቸው ነው፤ ማን 5,000ውን ከ16 ደቂቃ በታች እንደገባ፣ ማን ጎኑን ሲወጋው እንደሚቆም ሁሉ ያስታውሳሉ። ስለ ልጅቷ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

"ሦስተኛውን ዙር በስንት ነው የምትዞረው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላ ምንም አላሉም።

በመገናኛው በዓል ሁለተኛ ቀን፣ እሑድ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ ከዋናው በር ተነሥተን የድሮውን መንገድ እስከ አቃቂ አስፋልት እንሮጣለን፤ መሮጥ ያቃተው ይራመዳል። የሚያሠለጥን ወይም የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪ ካለ ከሐምሌ በፊት ቢያገኘኝ እወዳለሁ፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍን መንገድ የሚያውቅ ካለም እንዲሁ። ጋሼ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ሰዓታቸው ቆሞ ስለነበር መርካቶ ወስጄ ባትሪ አስቀይሬላቸዋለሁ።